ከድንኳን ሸራ የተሰፋ ክንፍ

የከተማችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ሰው ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፤ የማያውቃት ደግሞ ስሟን ይዞ ቢነሳም አይደርስባትም፣ መንገድ የላትምና። የተቀመጠችው አምባ ላይ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ መጨረሻው ገደል ነው። በአንደኛው በኩል ብቻ፣ ድሮ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ የሚወርድ የመኪና መንገድ ነበረን።

መንገዱ የተናደው በአንድ ክረምት ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ የተራራው ጎን መንገዱን ይዞት ወረደ። ቆላ ላለው የመንገድ መሥሪያ ቤት አመለከትን። መሥሪያ ቤቱ ካርታውን አየና መንገዱ እንዳለ ነው ሲል መለሰልን። እንደገና አመለከትን። በዚህኛው ጊዜ ነገሩን ከልብ ያዙትና የጥገና ቡድን ላኩ። ቡድኑ በገመድ ተጎትቶ ወደ አምባው ወጣ፤ ገደሉን አየ፤ ከዚያም በተረፈችው ቀጥ ያለች አስፋልት መሐል ነጭ መስመር እየቀባ ሄዶ አፋፉ ላይ ሲደርስ አቆመ።

"ቀለም አልቆብን ነው" አሉን ሲሰናበቱ።

መንገድ ካለ ጠባቂ ያስፈልገዋል ተባለና ኬላ ተተከለ። ወንድይፍራው የሚባል ጎልማሳ ኬላ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በየማለዳው ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣል፤ የኬላውን አግዳሚ እንጨት ይወለውላል፤ ገደሉን ፊት ለፊት እያየ እስኪመሽ ይቆማል። መኪና መጥቶ አያውቅም። እሱም ቀርቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የምንወርደው በቅርጫት ነው። በሬዎች የሚያዞሩት ትልቅ መጠቅለያ አለ፤ ገመዱ ከእሱ እየተፈታ ቅርጫቱን ቁልቁል ይለቀዋል። ነፋስ ከሌለ ደኅና ነው። ነፋስ ካለ ቀይ ጨርቅ ይሰቀልና ማንም አይወርድም።

እኔ ዘርትሁን እባላለሁ፤ ድንኳን ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሙላት ሆዱን ታሞ ወደ ሐኪም ቤት በቅርጫት ሲወርድ፣ ጠዋት ያልነበረ ነፋስ ተነሳና ቅርጫቱ መሐል ገደል ላይ ቆመ። ወደ ታችም ወደ ላይም ቢሉት ከድንጋይ ጋር ይላተማል። አፋፉ ላይ ተኝቼ ስሙን እጠራ ነበር። መጀመሪያ "አለሁ" ይለኝ ነበር። ነፋሱ በርዶ ቅርጫቱ ሲወጣ ግን በሕይወት አልነበረም። ይህን የጻፍኩት ለምን እንዲያ ያለ ሥራ ውስጥ እንደገባሁ ለሚጠይቁኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መምህር አሰጋኸኝ ወደ ሱቄ የመጣው ከዚያ በኋላ በአንድ የበጋ ጠዋት ነው። ለብዙ ዘመን ፊዚክስ ያስተማረ፣ ጡረታ የወጣ፣ ወፍራም ሰው ነው። ሲራመድ ያለከልካል፤ ሲያስብ ግን ትንፋሹን ይውጠዋል።

"ዘርትሁን" አለኝ፣ "ቀላል ሆኖ ነፋስ የማያሳልፍ ሸራ አለሽ?"

"ለሠርግ ነው ለለቅሶ?"

"ገና አልታወቀም።"

ከዚያ በጣቱ አቧራው ላይ ሣለልኝ። አውሮፕላን ነበር። በሥዕል ካየሁት ጋር አይመሳሰልም፤ ሁለት ወንበር፣ ከላያቸው አንድ ረጅም ክንፍ፣ ከኋላቸው ሞተር፣ ከዚያ ቀጭን ጅራት። "ፋብሪካ የሚሠራው ነገር ለእኛ አይሆንም" አለ። "ከምናገኘው ነገር ተነስተን ነው ማሰብ ያለብን። ከባድ ሞተር አያስፈልገንም፤ ነፋሱ በነጻ ወደ ላይ ይነፍሳል። አሞራዎቹን አላየሽም? ክንፋቸውን ሳያራግቡ ነው ከቆላ አምባ የሚደርሱት።"

"ይበርራል?"

"ይህን ሳልሠራው አላውቅም።"

ውሸት ቢነግረኝ ኖሮ ሸራውን አልሰጠውም ነበር።

በከተማችን አንድም አውሮፕላን ታይቶ ባያውቅም የሰማይ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግን አለን። የተከፈተው ሌሎች ከተሞች ስላላቸው ነው። ኃላፊው አቶ ደምሳሽ ቀጠን ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ፣ ለሰው ክፉ የማያስብ ሰው ነው። ሥራው በየማለዳው ወደ ውጭ ወጥቶ ሽቅብ ማየትና "ሰማዩ በቦታው ይገኛል" የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ መለጠፍ ነው። በደመናማ ቀን "ይገኛል ተብሎ ይታመናል" ይላል።

ፈቃድ ልንጠይቅ ስንገባ በጣም ደነገጠ። የሚያስፈቅደው ሰው መጥቶ አያውቅም ነበርና ወንበር ፍለጋ ራሱ ወጣ።

"ጎማ አለው?" ሲል ጀመረ።

"አዎ፣ የእጅ ጋሪ ጎማ ነው የምንገጥምለት" አለ መምህር።

"ጎማ ያለው ነገር ሁሉ የጭቃ መከላከያ ያስፈልገዋል።"

"አቶ ደምሳሽ፣ ሰማይ ላይ ጭቃ የለም።"

"እስካሁን ሪፖርት አልተደረገልንም" አለና ጻፈ። ከዚያ ጥሩምባ አዘዘ፣ ወፎች እንዳይደነግጡ። የኋላ መመልከቻ መስተዋት አዘዘ። የከተማዋ ማኅተም የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ አዘዘ። ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ ሌላ ነገር ትዝ አለውና እንደገና አነሳው። "በመሬትና በአውሮፕላኑ መካከል ያለው ግንኙነት ለአፍታም ቢሆን መቋረጥ የለበትም። በገመድ ይታሰር።"

መምህር አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩትና "እሺ፣ ይታሰራል" አልኩ። ፈቃዱን ይዘን ወጣን።

ሥራውን የጀመርነው በግቢዬ ነው። ለክንፉ ዋና አጥንት የሚሆን አሉሚኒየም ከየት ይምጣ ስንል፣ ከተማዋ መግቢያ ላይ "በቅርቡ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ይሠራል" የሚል ማስታወቂያ የተሸከመ ትልቅ ሰሌዳ ወድቆ ተኝቶ ነበር። ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉና ቀላል ነበሩ። ሞተሩን ያገኘነው ከውሃ ፕሮጀክቱ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ስላልወጣው ፓምፑ ሳይነሳ ተቀምጦ ነበር። ከመሪው ወደ ጅራቱ የሚሄደውን ሽቦ ከብስክሌት ፍሬን ወሰድን። ወንበሮቹ እግራቸው የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። ቤንዚኑ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው ያለው፤ በክዳኑ በኩል ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ የተሰካበት ቀጭን ሽቦ ወጥቷል፣ ቤንዚኑ ሲጎድል ሽቦው ያጥራል። ፍጥነት የምናውቀው በማጠፊያ በተንጠለጠለች የቆርቆሮ ምላስ ነው፤ ነፋሱ በገፋት መጠን ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከፊታችን ደግሞ ቀይ ክር አሰርን። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ከመጣ ደኅና ነን፤ ወደ ጎን ከሄደ በጎናችን እየተንሸራተትን ነው ማለት ነው። የመምህር ቤት ጣሪያ ላይ ካለው አንቴና በቀር የሰረቅነው ነገር የለም፤ እሱንም ራሱ ነው የሰረቀው፣ ባለቤቱ ዜና ታያለችና።

ሙጫ ስንፈትን ሁለት እንጨት አጣብቀን በመዶሻ እንሰብራለን። የተለያየው ሙጫው ላይ ከሆነ ሙጫው ይጣላል፤ እንጨቱ ራሱ ከተሰበረ ግን እንደሰታለን። ጎረቤቶቼ እንጨት ሰብረን ስንተቃቀፍ በአጥር ያዩ ነበር። ስለ ጤንነቴ መጠያየቅ የጀመሩት ያኔ ነው።

ክንፉ ሲያልቅ መምህር በሰው ፊት ካልተፈተነ አለ። ኬላው አጠገብ ባለው ሜዳ ገልብጠን በድጋፍ አስቀመጥነውና ሕዝቡን ከየቤቱ የእህል ጆንያ እንዲያመጣ ለመንን። በአየር ላይ ነፋሱ ክንፉን ሽቅብ የሚገፋውን ያህል፣ ተገልብጦ ደግሞ እህሉ ቁልቁል ይጫነዋል ማለት ነው። ሰው መጣ። ማንም ቢሆን የራሱ ጤፍ አውሮፕላን ላይ ሲጫን ማየት ይወዳል። አንዱ ጆንያውን ያስቀምጣል፣ ክንፉ ትንሽ ይጎብጣል፣ ሰው ያጨበጭባል። መምህር ደስታው ፊቱ ላይ እየሞላ "አንድ ጨምሩ፣ አንድ ጨምሩ" ይላል።

ከዚያ ከመሐሉ ቀጭን ድምፅ ወጣና ክንፉ ለሁለት ታጠፈ። ጆንያዎቹ ተቀዳደዱ። ጤፉ ከገብሱ፣ ገብሱ ከሽምብራው ተደባለቀ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ "እኔስ ቅርጫቴ ይሻለኛል" ሲል ሁሉም ሳቀ። መምህር እህሉ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ የራሱን ከሌላው ሰው ለመለየት ሲንበረከክ እሱ አልተነሳም።

"ሽቦ ያስፈልገው ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። "ከክንፉ ጫፍ ወደ ታች የሚወጥር ሽቦ። ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ግን መልኩን ያበላሽብኛል ብዬ ተውኩት። ንጹሕ ክንፍ ነበር የፈለግሁት፣ እንደ ሥዕሉ።"

"ድንኳን ያለ ገመድ ቆሞ አይቼ አላውቅም" አልኩት።

"እኔም አላየሁም። አየሽ፣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።"

"እንግዲያው ሁለታችንም ዝም ብለናል። ተነስ።"

አልተነሳም። የተነሳው ይታይሽ መጥታ ነው። ይታይሽ የኬላ ጠባቂው የወንድይፍራው ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ከምድር የለቀመችውን ድብልቅ እህል በሰፌድ ይዛ ፊቱ ቆመችና "መምህር፣ ይኼ እንዲሁም ይበላል፣ ሾርባ ይሆናል" አለችው። "የሚቀጥለው መቼ ነው? እናቴ ሳላይ ቀረሁ ብላ ተቆጥታለች።" መምህር ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝና ጎትቼ አስነሳሁት።

ሁለተኛው ክንፍ አስቀያሚ ነበር። በየቦታው ሽቦ የተወጠረበት፣ የተጠገነ አጥር የሚመስል ነገር ነው። ሸራውን እኔ ሰፋሁት፤ ስፌቱን ሦስት እጥፍ አድርጌ፣ ሩዝ ቀቅዬ ባወጣሁት አጥሚት ለቅልቄ ፀሐይ ላይ ወጠርኩት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ጆንያዎቹ እንደገና መጡ። በዚህኛው ቀን የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም። ክንፉ ጎበጠ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። እህሉ ሲነሳለት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማን ይብረር የሚለው ከባድ ነገር ነበር። የአቶ ደምሳሽ ሰሌዳ፣ ጥሩምባ፣ መስተዋትና የጭቃ መከላከያ ከተገጠመለት በኋላ ለመምህር ሰውነት የሚተርፍ አቅም አልነበረውም። ራሱ አስልቶ ራሱ ፈረደ። ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። ቀጭን ነኝ።

"ፈርተሻል?" አለኝ።

"በጣም።"

"ጥሩ። ያልፈራ ሰው ክሩን አያይም።"

የገመዱ ትእዛዝ እዚህ ላይ ጠቀመን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ገደሉን መትቶ ወደ ላይ ሲመጣ፣ አውሮፕላኑን በተረፈችው አስፋልት ላይ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙረን እናስረዋለን። ሞተሩ ይነሳል፤ ነፋሱ ያነሳዋል፤ እኔም ከጣሪያ ከፍ ብዬ በገመድ ተይዤ እንሳፈፋለሁ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አፍንጫውን ዝቅ፣ ቀና። ሳጠፋ ገመዱ ይይዘኛል። የገመዱን ጫፍ አቶ ደምሳሽ ራሱ ነበር የሚይዘው፤ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ሌላ ሰው አያምንም። ነፋሱ በበረታ ቀን የሚያብለጨልጩት ጫማዎቹ አስፋልቱ ላይ ሲንሸራተቱ ከላይ አይ ነበር። አልለቀቀም።

እንዲህ እያልን በጋው ሊያልቅ ሲል የይታይሽ ምጥ መጣ።

ጠዋት የጀመራት ምጥ ከሰዓትም አልገፋ አለ። የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ያዋለዱት እማማ ድንቄ ከቤት ወጥተው በር ላይ እጃቸውን ታጠቡ። ወንድይፍራው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ፊታቸው ቆሟል።

"ልጁ ጎን ለጎን ተጋድሟል" አሉት። "ለማዞር ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ይኼ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም ልጄ። ቢላ የያዘ ሐኪም ይፈልጋል።"

ሁላችንም ወደ ቅርጫቱ አየን። ቀዩ ጨርቅ ተሰቅሎ ይርገበገብ ነበር።

መምህር ወደ እኔ ዞረ። "ቅርጫቱን ያስቆመው ነፋስ እኛን የሚያነሳን ነው" አልኩ።

"ያለ ገመድ በርረሽ አታውቂም።"

"አላውቅም።"

ወንድይፍራው ክንዴን ያዘኝ። "ትወድቂያለሽ?"

"እንጃ ወንድሜ።"

"እዚህ ብትቆይስ?" ሲል እማማ ድንቄን ጠየቀ። እማማ ድንቄ እጃቸውን ማድረቃቸውን ቀጠሉ።

ይታይሽን በቃሬዛ ይዘን ኬላው ደረስን። አስቀምጠን ወንበሩ ላይ አሰርናት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ቢሆንም "እናቴ አሁንም ሳታይ ቀረች" ብላ ለመሳቅ ሞከረች። መምህር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያሰላ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሁለት ሰው ይከብደዋል። ቢያንስ የአንድ ጆንያ ግማሽ ያህል መቀነስ አለበት።"

ያኔ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አየ። ጥሩምባውን አየ። መስተዋቱንና የጭቃ መከላከያዎቹን አየ። ቀጥሎ አቶ ደምሳሽን አየ።

አቶ ደምሳሽ ላብ አጥምቆታል። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከመምህር ኪስ ፒንሳውን መዘዘ። "ሰሌዳው" አለ በቢሮ ድምፁ፣ "ለጽዳት ሲባል ለጊዜው ይነሳ።" ተንበርክኮ ራሱ ፈታው። ጥሩምባውን ፈታ። መስተዋቱን ፈታ። የጭቃ መከላከያው አንዱ ቡሎን አልፈታ ሲለው በእግሩ ደጋግሞ መትቶ ገነጠለው። ከዚያ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ጫፉን በእጁ ይዞ ቆመ።

"ግንኙነቱስ?" ሲል መምህር ጠየቀው።

አቶ ደምሳሽ ገደሉን አየ፤ ይታይሽን አየ። "ግንኙነቱ በእይታ ይቀጥላል" አለና ገመዱን ለቀቀው።

ወንድይፍራው ኬላው ጋ ሄዶ ቆመ። ዩኒፎርሙን አስተካከለ። እንደተማረው፣ "ወዴት ነው የምትሄዱት?" ሲል ጠየቀን።

"ወደ ቆላ" አልኩት።

"ማንን ይዛችሁ?"

"ሚስትህን።"

"እለፉ" አለና አግዳሚውን እንጨት ወደ ላይ አነሳው። ከተቀጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እንጨቱ እንዳይወርድ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞት ቀረ።

ነጩን መስመር በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል አድርጌ ሞተሩን ለቀቅሁት። መንገድ ቀቢዎቹን የመረቅኋቸው ያን ቀን ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። የቆርቆሮዋ ምላስ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። አስፋልቱ አለቀ።

አፍንጫውን ቀና አድርጊ ሲለኝ የነበረውን ሰውነቴን እምቢ ብዬ ዝቅ አደረግሁት፤ መምህር አንድ ሺህ ጊዜ የነገረኝ ይህን ነው። ቆላው ሁሉ ፊቴ ላይ ተሰቀለ። ሽቦዎቹ ማፏጨት ጀመሩ። ከዚያ ነፋሱ ከሥር መጥቶ ክንፉን ያዘው፣ ልክ ድንኳን ሲወጠር "ጧ" እንደሚለው፣ እኛም መውደቃችንን ትተን መሄድ ጀመርን።

ምጡ ይታይሽን እንደገና ያዛት። ክንዴን ጨመደደችኝ፤ መሪው ተሳበ፤ ቀዩ ክር ወደ ጎን ሸሸ።

"ይታይሽ! ክንዴን ልቀቂ!"

"ምን ልያዝ ታዲያ?"

"ወንበሩን! ጩኺ፣ እንደፈለግሽ ጩኺ፣ ክንዴን ብቻ ልቀቂ!"

ለቀቀች፣ ጮኸች። ጩኸቷ ከሞተሩ በለጠ። እኔም አብሬያት ጮህኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለል አለኝ። ክሩ ወደ መሐል ተመለሰ። ሙላት የቆመበትን የገደል ወገብ አልፈን ወርደናል፤ ግን አላየሁትም። ዓይኔ ክሩ ላይ ነበር።

ቆላ ላይ መንገዱ እንደ ድሮው አለ። ወደ አምባው ስለማያደርስ የሚሄድበት አህያ ብቻ ነው። አህዮቹ በጊዜ ሸሹልን። ጎማዎቹ አስፋልቱን አንዴ ነኩ፣ ዘለሉ፣ እንደገና ነኩ፤ አንደኛው የፊት ጎማ ተሰበረና በጎናችን ተሽከርክረን ቦይ ውስጥ ገባን። ከሞተሩ ጋር እየተሽከረከረ አየሩን የሚገፋው የእንጨት መዘውር ተፈረካከሰ። ዝም ሲል ይታይሽ "ደረስን?" አለችኝ። "ደረስን" አልኳት። ማልቀስ የጀመርነው እዚያው ቦይ ውስጥ ነው።

ሰዎች በጋሪ ወደ ሐኪም ቤቱ ወሰዷት። ከደጅ ተቀምጬ ቆየሁ። አንዲት ነርስ ጭምብሏን ወደ አገጭዋ አውርዳ ብቅ አለችና "የአውሮፕላኗ ሴትዮ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። እናትየዋ ባሏ እንዲያውቅላት ትፈልጋለች።"

ከነርሷ ነጭ አንሶላ ለመንኩና ከአምባው እንዲታይ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ዘረጋሁት። ወደ አምባው ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ከአፋፉ አንዲት ብርሃን ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ እንደገና ብልጭ አለች። የተፈታውን መስተዋት ፀሐይ ላይ እያዞሩት ነበር። ብርሃኗ አላቆመችም፤ አቶ ደምሳሽ ፀሐይ እስክትጠልቅ ለማንም አልሰጥም ብሎ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

በማግስቱ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ቦይ ውስጥ ያለውን አውሮፕላን ዞሮ ዞሮ አየው። "ከአምባው ነው የመጣው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በጎማ?" መነሻውም መድረሻውም በጎማ ነው አልኩት። በጣም ደስ አለው። ከአምባው ወደ ቆላ የተነሳ ተሽከርካሪ በሰላም መድረሱንና መንገዱ ለአገልግሎት ክፍት መሆኑን ጽፎ ሄደ።

ቆላ ውስጥ ሰነበትኩ። አንድ አናጺ ከዋንዛ አዲስ መዘውር ጠረበልኝ፤ ጎማውን ጠገንን፤ የተቀደደውን ሸራ ደጅ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። ይታይሽ ቁስሏ ሲሽር ነፋስ በሌለበት ማለዳ ልጇን አቅፋ በቅርጫት ወጣች። እኔ የምጠብቀው ነፋሱን ነበር።

በመጣ ቀን ተነሳሁ። ብቻዬን ስሆን አውሮፕላኑ ሌላ ነገር ነው፣ ቀላል። ወደ ገደሉ ተጠጋሁና አሞራዎቹ የሚዞሩበት ቦታ ገባሁ። ነፋሱ ከሥሬ ገፋኝ። እየዞርኩ፣ እየዞርኩ፣ ድንጋዩ በጎኔ ቁልቁል ሲወርድ እያየሁ ወጣሁ። አንድ ትልቅ አሞራ አጠገቤ መጥቶ አየኝና ቦታ ሰጠኝ። አፋፉን አለፍኩ።

ከተማዬን ከላይ አይቻት አላውቅም ነበር። ከምድር ስትታይ አጥር ናት፤ አጥርና ከአጥር በላይ የሚታይ ቆርቆሮ። ከላይ ግን ግቢ ሁሉ ክፍት ነው። በመጀመሪያው ግቢ ውስጥ ልብስ የተሰጣ መሰለኝ። ዝቅ አልኩ። ክንፍ ነበር። ከጃንጥላ ጨርቅ የተሰፋ፣ ባለብዙ ቀለም ክንፍ። በቀጣዩ ግቢ ከቀርከሃ የተሠራ ክንፍ፣ ገና አጥንቱ ብቻ። "ቅርጫቴ ይሻለኛል" ያለው ሰውዬ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ሲሰበር ሌላውን ጀምሮ። በየጓሮው፣ በየበረቱ ጀርባ፣ ማንም ለማንም ሳይናገር፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሲሠሩ ከርመዋል። ሰዎቹ ድምፄን ሰምተው ቀና ሲሉ አንዳንዱ ሥራውን በብርድ ልብስ ለመሸፈን ሮጠ፤ ከሰማይ መሸፈን እንደማይቻል ሲገባው ደግሞ ቆሞ እጁን አወዛወዘ።

ከሰማይ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጀርባ በቢሮው መጋረጃ የለበሰ ክንፍ ተዘርግቷል። አቶ ደምሳሽ አጠገቡ መዶሻ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ቆሟል። የትም መደበቅ ስላልቻለ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ክንፉ ጥሩ ነው፤ ግን ሽቦ የለውም። ነጩን መስመር ፍለጋ ወደ ኬላው ዞርኩ። ስወርድ መጀመሪያ የምነግረው ያንን ነው።